የሰማይ ቁርስ

የሰው ልጅ መንገድ መሄድ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ስንቅ መቋጠርን ያውቃል። አባቶቻችን በቅሎ ጭነው ወይም በእግራቸው እየተጓዙ አገር ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ፥ እቤት ውስጥ የሚበላውና መንገድ ላይ የሚበላው ምግብ አንድ እንዳልሆነ ጠንቅቀው ተረድተው ነበር። ስለዚህም እናቶቻችን በሶውን፥ ዳቦ ቆሎውን፥ ጭኮውንና ድርቆሹን ለመንገድ ያሰናዱላቸው ነበር። በሶ ጥቂት ውሃ ካገኘ ምግብ ይሆናል፤ ዳቦ ቆሎ ብዙ ቀን ቢሰነብት አይሻግትም፤ ድርቆሽም አስቀድሞ የደረቀ ስለ ሆነ ይደርቃል ተብሎ አይሠጋለትም። እነዚህ ምግቦች የቤቱን ገበታ ለመምሰል አይጣጣሩም። መንገድን የሚያውቁ፥ ለመንገድ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ክብራቸውም ይኸው ነው።

ዛሬ መንገዱ ወደ ሰማይ ወጥቷል። ከባሕር ወለል በላይ 10,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ በሚበር አይሮፕላን ውስጥ የሚጓዝ ሰው ስንቅ አይቋጥርም፤ ስንቁን የሚያሰናዳለት አየር መንገዱ ነው። አየር መንገዶችም እርስ በርሳቸው ከሚፎካከሩባቸው ነገሮች አንዱ የጧት ቁርስ ሆኗል። ሌሊቱን ሲበር ያደረው መንገደኛ ዐይኑን ሲገልጥ፥ በእጁ የሚሰጠው የምግብ ዝርዝር በታላላቅ ምግብ ቤቶች ደንብ የተሰናዳ ቁርስ እንደሚቀርብለት ያበሥረዋል። ኦምሌት ከእንጕዳይ ጋራ፥ ቋሊማ፥ የተጠበሰ ቲማቲም፥ ትኩስ ዳቦ ከቅቤና ከማርማላታ ጋራ፥ ፍራፍሬ፥ ቡና ወይም ሻይ። ዝርዝሩ ሲነበብ ያማረ ነው። ሳህኑ ተከፍቶ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ የተነበበውና የቀረበው አይገናኙም።

ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል መስሎ ሊታየው ይችላል። «በጥቂት ሰዓት ከአህጉር ወደ አህጉር እየተሻገርን ስለ እንቁላል ማማረር ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩን እንዲህ አንመለከተውም። አንድ ቤት እንግዳውን እንዴት እንደሚቀበል የሚታወቀው በገበታው ነው፤ ገበታውም የሚመሰክረው ስለ ምግቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ምግብ ቤት ወደ ሰማይ ሊወጣ ይችላል ወይ? ቢችልስ ሊወጣ ይገባዋል ወይ? ብለን መጠየቁ ከንቱ ድካም አይመስለንም።

የነገሩ ታሪክ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1919 ሃንድሊ ፔጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከሎንዶን ወደ ፓሪስ ለሚሄዱ መንገደኞች በሣጥን የተዘጋጀ ቀዝቃዛ ምሳ በሦስት ሽልንግ ሸጠ። በአይሮፕላን ላይ ለመንገደኛ የቀረበ የመጀመሪያው ምግብ ይህ እንደ ነበረ ይነገራል። ልብ ብለን ብናየው ይህ ሣጥን ስንቅ ነበር እንጂ ገበታ አልነበረም፤ ከአባቶቻችን አገልግል እምብዛም አይርቅም። የገበታው ምኞት የመጣው ቆይቶ ነው። በ1950ዎቹ ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ማክሲም ከሚባለው ዝነኛ የፓሪስ ምግብ ቤት ጋራ ተስማምቶ፥ ከፍተኛ ዋጋ ለሚከፍሉ መንገደኞቹ የዚያን ቤት ምግብ በሰማይ ላይ ማቅረብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ነጭ የገበታ ልብስ፥ የሸክላ ሳህንና የብር ማንኪያ የበረራ ክብር ምልክቶች ሆኑ።

ምግቡ እንዲያውም የጠብ ምክንያት እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ዋጋው የተቀነሰ የመንገደኛ ማዕርግ ሲቋቋም፥ አየር መንገዶቹ ለዚህ ማዕርግ ከሳንድዊች በቀር ሌላ ምግብ እንዳይቀርብ ተስማሙ። የስካንዲናቪያው አየር መንገድ ግን በአገሩ ልማድ ከላይ ሳይከደን በሥጋ፥ በዓሣና በአትክልት የተንቈጠቈጠ ዳቦ አቀረበና «ይህም ሳንድዊች ነው» አለ። ፓን አሜሪካን ተቈጥቶ አቤት አለ፤ የዓለም የአየር መንገዶች ማኅበርም ሳንድዊች ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመወሰን ተቀመጠ። ዛሬ ሲሰማ ያሥቃል። ነገር ግን ከሣቁ በስተጀርባ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም የስካንዲናቪያ ሰዎች ያቀረቡት የፓሪስን ምግብ ቤት ለመምሰል የደከሙበት ሳይሆን የገዛ ቤታቸውን ዳቦ መሆኑ ነው። የገዛ ቤታቸው ዳቦ ደግሞ በቀዝቃዛው የሚበላ ስለ ሆነ፥ በሰማይም ቢሆን ጣዕሙ የሚጐድልበት ምክንያት አልነበረውም።

እንግዲህ የጧቱን ኦምሌት መንገድ እንከተለው። በምግብ ቤት አንድ ሰው ኦምሌት ሲያዝ፥ እንቁላሉ ተሰብሮ፥ ተመትቶ፥ መጥበሻ ላይ ወርዶ፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፊቱ ይደርሳል። የኦምሌት ውበቱ ያለው በዚህች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። በአይሮፕላን የሚቀርበው ግን አይሮፕላኑ ከመነሣቱ ከብዙ ሰዓት በፊት በምድር ላይ ባለ ታላቅ ወጥ ቤት ይሠራል። ከተሠራ በኋላ እንዳይበላሽ በፍጥነት ከ5 ዲግሪ በታች እስኪሆን ይቀዘቅዛል፤ በትንንሽ ሳህን ይታሸጋል፤ በጋሪ ተጭኖ ወደ አይሮፕላኑ ይሄዳል፤ ሌሊቱን በብርድ ሲጓዝ ያድራል፤ በመጨረሻም ሊነጋጋ ሲል ሙቅ አየር በሚነፍስበት ምድጃ ውስጥ ገብቶ እንደ ገና ይሞቃል። በአብዛኞቹ አይሮፕላኖች ላይ መጥበሻ የለም፤ እሳትማ ከቶ አይታሰብም።

እንቁላል ደግሞ ሁለት ጊዜ እሳት ማየትን የማይወድ ፍጥረት ነው። ሁለተኛው ሙቀት ሲያገኘው ውሃውን ይለቅቃል፤ ሥጋውም እንደ ላስቲክ ይጠነክራል። ሙቀቱ ሲበዛበት በነጩ ውስጥ ያለው ድኝና በአስኳሉ ውስጥ ያለው ብረት ተዋሕደው አረንጓዴ መሳይ ጥቁረት ያወጡበታል። ይህ የአብሳዩ ስንፍና አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አብሳዩ የዓለም አንደኛ ቢሆን እንኳ ይህን ሕግ ሊሽረው አይችልም። በፊተኛው ክፍል ለሚቀመጡ ጥቂት ባለጠጎች እንቁላሉን እዚያው በአይሮፕላኑ ላይ በኤሌክትሪክ መጥበሻ የሚሠሩ አየር መንገዶች አሉ። ከመጋረጃው በስተኋላ ላለው ለብዙው መንገደኛ ግን ይህ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የከፍታው ነው። በዚህ ላይ ለእኛ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች የሚያስደንቅ ነገር አለ። አይሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፥ በውስጡ ያለው አየር በ8,000 ጫማ፥ ማለት በ2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር የሳሳ እንዳይሆን የአየር ጉዞ ደንብ ያዝዛል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር ነው። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ሰው አይሮፕላን ውስጥ ሲገባ ሳያውቀው ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ይወጣል ማለት ነው። ውሃ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን፥ በእኛ ከተማም ሆነ በዚያ በተዘጋ አይሮፕላን ውስጥ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አየር መንገዳችን መረከብ የጀመረው ቦይንግ 787 ደግሞ የውስጡን ከፍታ ከ6,000 ጫማ፥ ማለት ከ1,829 ሜትር አያሳልፍም። በዚህ አይሮፕላን ከቦሌ የሚነሣ ሰው ዐይኑ ወደ ደመና ሲወጣ እያየ፥ ሳንባው ግን ወደ ቆላ ይወርዳል።

እንግዲያው ከፍታው ለእኛ እንግዳ ካልሆነ፥ ጣዕሙ ለምን ይጠፋል? ሊባል ይችላል። ምክንያቱ ከፍታው ብቻውን ስላልሆነ ነው። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 20 አይደርስም። አፍንጫ ሲደርቅ ማሽተት ይደክማል፤ ማሽተት ሲደክም ደግሞ ምላስ ብቻውን ብዙ አይሠራም። ጉንፋን የያዘው ሰው የሽሮውን ጣዕም እንደሚያጣው ማለት ነው። በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም ሊቃውንት ለሉፍታንዛ አየር መንገድ ብለው የአይሮፕላንን አየር በምድር ላይ አስመስለው ሠርተው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደ ተገለጸው፥ በዚያ አየር ውስጥ የጨውና የስኳር ጣዕም በግልጥ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይሮፕላን ሞተርን የሚያህል ጩኸት እያሰሙ ሰዎችን አቀመሱ። ጩኸቱ ጣፋጩን ሲያደበዝዝ፥ እንደ ቲማቲምና እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን፥ ጃፓኖች «ኡማሚ» የሚሉትን ጣዕም ግን አጐላው። መራራው፥ ኮምጣጣውና የሚያቃጥለውም ቢሆኑ እንደ ጨውና እንደ ስኳር የሚሸነፉ አይደሉም።

ይህን ሳይንስ ከመድረሱ በፊት በእጁ ልምድ የተረዳ አንድ ባለሙያ ነበረ። ሬሞን ኦሊቪዬ የተባለው የፓሪስ ታላቅ አብሳይ እ.ኤ.አ. በ1973 ዩ.ቴ.አ. የተባለው የፈረንሳይ አየር መንገድ ምክር ቢጠይቀው፥ የምግብ ቤቱን ጥብስ ትታችሁ ወጥ አቅርቡ አላቸው። በወይን የተቀቀለ ዶሮ፥ መረቅ የጠጣ የበሬ ሥጋ፥ በክሬም የተሠራ የጥጃ ሥጋ፥ እንዲህ ያለው ምግብ ዳግመኛ ሲሞቅ አይደርቅም ሲል መከረ። ምክሩን ቀለል አድርገን ብንናገረው፥ ወደ ሰማይ የሚወጣው የገበታው ጌጥ ሳይሆን የገበሬው ድስት ይሁን ማለት ነው።

ስለ ጣዕም ይህን ያህል ካልን፥ ከጣዕም የሚበልጠውን ነገር ልናልፈው አንችልም። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1975 አንድ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ከ340 የሚበልጡ መንገደኞችን ይዞ ከቶኪዮ በአላስካዋ በአንኮሬጅ በኩል ወደ አውሮፓ ይበር ነበር። ኮፐንሃገን ከመድረሱ በፊት ቁርስ ቀረበ፤ ቁርሱም የአሳማ ሥጋ ያለበት ኦምሌት ነበረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች በትውከትና በተቅማጥ ተያዙ፤ ከ140 የሚበልጡትም ሆስፒታል ገቡ። ነገሩ ሲመረመር፥ በአንኮሬጅ ሥጋውን ካዘጋጁት አብሳዮች አንዱ ጣቱ ላይ የመረቀዘ ቁስል እንደ ነበረበት ታወቀ። ከቁስሉ የወጣው ተሐዋሲ ሥጋው ብርድ ሳይነካው በቈየባቸው ሰዓቶች መርዙን አበዛ፤ ይህ መርዝ ደግሞ በኋላ ምግቡን በማሞቅ የሚጠፋ አይደለም። አብራሪዎቹ ከዚያ ኦምሌት አልበሉም ነበርና አይሮፕላኑ በሰላም ዐረፈ። የዚያ ወጥ ቤት ኃላፊ የነበረው ሰው ግን ኀዘኑን ሊሸከም ስላልቻለ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

አንዲት የቈሰለች ጣት ያን ሁሉ ሕዝብ ጣለች። ይህን ታሪክ ያነሣነው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። በዓለም ዙሪያ ያሉ የበረራ ወጥ ቤቶች ዛሬ ስለ ቅዝቃዜና ስለ ንጽሕና የሚከተሉት ጥብቅ ሥርዓት እንዲህ ካለው መከራ የተማሩት መሆኑን ለማስታወስ ነው። ዋናው አብራሪና ረዳቱ ከአንድ ድስት እንዳይበሉ የሚደረገውም ስለዚሁ ነው። በአገራችን የነበረው ሥርዓት ትዝ ይለናል። ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጨልጦ ይቀምስ ነበር፤ ወጡንም የምታቀርበው ሴት ፊት ለፊት ቀምሳ ታሳይ ነበር። ትርጕሙ ግልጥ ነው፤ «ያቀረብሁልህን እኔም እበላዋለሁ፤ እመነኝ» ማለት ነው። በሰማይ ላይ የሚቀምስልን ሰው የለም። አብሳዩን አናየውም፤ ስሙንም አናውቅም፤ ሆኖም እናምነዋለን። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የማይጻፈው ትልቁ ምግብ ይህ እምነት ነው።

እዚህ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያየነውን እንናገር። ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ በምትበር በአንዲት የውጭ አገር አይሮፕላን ተሳፍረን ነበር። በአጠገባችን የተቀመጡት ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ፥ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ነበሩ። ሐሙስ ማታ ተነሥተን ሌሊቱን ስንበር ካደርን በኋላ፥ በአገራችን ሰዓት ከሌሊቱ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ መብራቱ በራና ቁርስ መጣ። ኦምሌትና ቋሊማ ነበረ። እናታችን ሳህኑን ከፍተው አዩና መልሰው ከደኑት።

«ልጄ፥ ዛሬ ዓርብ አይደለም?» ብለው ጠየቁን።

«አዎን እናቴ፥ ዓርብ ገብቷል» አልናቸው።

አስተናጋጇን ጠርተን በቋንቋዋ ነገሩን አስረዳናት። ልጅቱ ትሑት ነበረች፤ ፊቷም አዘነ። ነገር ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ምግብ የሚፈልግ ሰው ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ማዘዝ እንዳለበትና፥ አሁን በእጇ ሌላ ነገር እንደሌለ ነገረችን። ይህን ለእናታችን ስንተረጕምላቸው ፈገግ አሉ። «ንገራት፥ አትዘን። እኔ ድሮስ ቢሆን ከቀትር በፊት መች እቀምሳለሁ!» አሉ። ከዚህ በኋላ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈትተው ገብስና ሽንብራ የተቀላቀለበት ቆሎ በእጃችን ላይ አፈሰሱልን። «እንካ ልጄ፥ አንተ መንገደኛ ነህ፥ ቆርጥም» አሉን። እንደ እኛው መንገደኛ መሆናቸውን ፈጽመው ረስተውት ነበር። ለአስተናጋጇም ዘርግተው ጋበዟት፤ እርሷም በሁለት እጇ ተቀበለች።

ያን ጊዜ የሰማነውን «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት ትርጕም ከዚያ በፊት እንዲያ አድርገን አልተረዳነውም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በዚያች አይሮፕላን ውስጥ ከ200 የሚበልጥ ሰው ጐን ለጐን ተቀምጦ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ምግብ ይበላ ነበር፤ ሆኖም «እንብላ» የሚል ድምፅ አልተሰማም። እያንዳንዱ በጠባቧ ትሪው ላይ አጐንብሶ ለብቻው ይበላል። እንብላ ያሉት ሴት ራሳቸው የማይበሉት ጿሚዋ ነበሩ።

ቁርስ የሚለው ቃላችን ቈረሰ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ዳቦው ይቈረሳል፤ ቁራሹ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የጧት ምግብ ስሙን ያገኘው ከሆድ መሙላት ሳይሆን ከመቍረስ ነው። ይህን የምንለው አየር መንገዶች መሶብ ይዘርጉ ለማለት አይደለም፤ የመቀመጫው ጥበት፥ የመንገደኛው ብዛትና የጊዜው ማነስ ይታወቃል። ነገር ግን አንድ የበረራ ቁርስ የሚመዘነው ምግብ ቤትን ምን ያህል መሰለ በሚል ብቻ ከሆነ፥ መመዘኛው ከመነሻው ተሳስቷል እንላለን። መጠየቅ ያለበት፥ ይህ ምግብ የት እንደሚበላ ያውቃል ወይ? ማን እንደሚበላውስ ያውቃል ወይ? ተብሎ ነው።

እስቲ በዚህ መመዘኛ የራሳችንን ፍርፍር እንመልከተው። ፍርፍር የትናንቱ እንጀራ በወጥ ወይም በቍሌት ርሶ የሚሠራ የዛሬ ቁርስ ነው። ባለሙያዋ እናት የከረመውን አክብራ ለጧት የምታበቃበት ጥበብ ነው። እንግዲህ ኦምሌትን የሚገድለው እንደ ገና መሞቅ ለፍርፍር የልደቱ መንገድ ነው ማለት ነው። መረቅ ስላለው አይደርቅም። እንጀራው ኮምጣጣ ነው፤ በርበሬው ያቃጥላል፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሊቃውንቱን «ኡማሚ» ይዘዋል። ደረቁ አየርና ጩኸቱ ያደበዝዟቸዋል የተባሉት ጨውና ስኳር የፍርፍር ዋና ምሰሶዎች አይደሉም። በዘይት ከተሠራ ደግሞ የጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ አያግደውም። የሬሞን ኦሊቪዬ ምክር በእኛ ጓዳ ውስጥ ምክሩ ሳይሰማ ሲሠራበት ኖሯል።

በእርግጥ መቃወሚያ አይታጣም። በርበሬ ጎሕ ሳይቀድ ለባዶ ሆድ ይከብዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታው ያስቸግራል፤ የእንጀራውም ጠርዝ በደረቅ ምድጃ ይሰነጠቃል፤ የውጭ አገር ሰውም አይለምደውም የሚሉ አሉ። እነዚህ ነገሮች ውሸት አይደሉም። ነገር ግን ሳህኑ በደንብ ከተከደነ እርጥበቱ አይወጣም፤ በርበሬ ለማይስማማው አልጫ አለ፤ ቂንጬም አለ፤ ምርጫውም የመንገደኛው ነው። ለውጭ አገር ሰው አይስማማም ለሚለው ደግሞ፥ የሆንግ ኮንግ አየር መንገድ በጧት የሩዝ ገንፎ ያቀርባል፤ የቱርክ አየር መንገድ ወይራና አይብ ያቀርባል፤ መንገደኛውም ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ መስተንግዶ ይቈጥረዋል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለምን?

የእኛም አየር መንገድ በዚህ በኩል እጁ ባዶ አይደለም። እንጀራና ወጥ በረጅም በረራዎቹ ላይ ማቅረቡ የታወቀ ነው፤ ይህም ሊመሰገን ይገባዋል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላኑ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር፥ ከጦርነት የተረፈች ሲ-47 ነበረች፤ መንገደኞቹም በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው፥ ዕቃውም በመካከላቸው ሆኖ ይጓዙ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ዛሬ ካለበት የደረሰ ድርጅት፥ በቁርሱም ቢሆን ከሌላው ኋላ የሚከተልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለ ጾመኛው ግን አንድ ነገር እንጨምር። የ24 ሰዓቱ ደንብ አለምክንያት የወጣ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ምን ያህል ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ነገር ግን ደንቡን የሚያውቀው ማን ነው? ወረቀቱን አንብቦ የሚሞላው የተማረው ሰው ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱት እናቶች፥ ወደ ቤሩትና ወደ ዱባይ ለሥራ የሚሄዱት፥ አይሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው የሆኑት እኅቶቻችን ይህን ከየት ያውቁታል? ትኬት የሚቈርጥላቸው ሰው «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ አንዲት ቃል ቢጠይቃቸው፥ የሚወስድበት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። መንገደኛን ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ አየር መንገድ፥ የማንም አገር ይሁን፥ የረቡዕንና የዓርብን ነገር ማወቅ የንግዱ አንድ ክፍል ነው። እኛም የተማርን የምንባለው፥ ወላጆቻችንን አይሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተን ከመመለሳችን በፊት ይህችን ነገር ልናስፈጽምላቸው ይገባናል።

እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ «ቤት ያፈራውን ይቅመሱ» እንላለን። ይህ ንግግር ትሕትና ብቻ አይደለም። ከጐረቤት የተዋስነው ጌጥ ሳይሆን የእኛው እጅ የሠራው፥ የምናውቀው፥ የምንመሰክርለት ነው ማለታችን ነው። የሰማዩም ቤት ቤት ነው። የምግብ ቤቱን የገበታ ልብስ ለማምጣት ከሚደከመው ድካም ጥቂቱ ንጹሕ እጅን ለመጠበቅ፥ ለመንገዱ የሚስማማውን ምግብ ለመምረጥና መንገደኛውን አስቀድሞ ለመጠየቅ ቢውል፥ ሌሊቱን ሲበር ያደረው ሰው ጧት ሳህኑን ሲከፍት ያነበበውንና የቀረበለትን አንድ ሆኖ ያገኘዋል። ለዚህ ሥራ የተመደቡት ሁሉ ይህን እንዲያስቡበት እንመኛለን።